ከሜጀር ሊግ ውጭ ላለ የቤዝቦል ተጫዋች ቤትን ስለ መክፈት

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በአትላንቲክ ሊግ የሚወዳደር የቤዝቦል ክለብ ባለባት አነስተኛ ከተማ እንኖራለን፤ ትልቁ ልጃችን ኮሌጅ ከገባ ወዲህ ባዶ የቀረውን መኝታ ክፍል በየበጋው ለክለቡ ተጫዋቾች ስንሰጥ ቆይተናል። እዚህ አገር ሆስት ፋሚሊ የሚባለው ይህ አሠራር ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር አይደለም፤ ክለቡ ይጠይቃል፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ተጫዋቹን ለአንድ የውድድር ዘመን ያሳድራል። ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያና በፔንስልቬንያ የሚኖሩ ወዳጆቻችን ጉዳዩን ሲሰሙ «እኛስ ብንሞክረው?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁን ነው። ለእነርሱ ቅርብ የሆኑ ክለቦች አሉ፤ በሜሪላንድ ዋልዶርፍ ላይ ሳውዘርን ሜሪላንድ ብሉ ክራብስ፣ ሄገርስታውን ላይ ፍላይንግ ቦክስካርስ፣ በፔንስልቬንያ ደግሞ የዮርክና የላንካስተር ክለቦች ይገኛሉ። የእኛ ክለብ የትኛው እንደሆነ ግን አልናገርም፤ ቤታችን ያረፉት ልጆች ስማቸው ባይጠራ እንኳ በክለቡ በኩል ሊታወቁ ይችላሉና።

አስቀድሞ የሊጉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል፤ እንግዳው የሚኖረው ኑሮ በሙሉ ከዚያ የሚመነጭ ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል ከፍተኛው ደረጃ በሆነው በሜጀር ሊግ የሚጫወቱት 30 ክለቦች እያንዳንዳቸው በሥራቸው አራት የታች ቡድኖች አሏቸው፤ በእነዚያ ቡድኖች የሚጫወት ልጅ ውሉም ደመወዙም የሚመጣው ከላይ ካለው ትልቁ ክለብ ነው። ነፃ በሚባሉት ሊጎች ግን ከላይ የሚከፍል ማንም የለም፤ የክለቡ ባለቤት ከቲኬት፣ ከቢራ፣ ከሆት ዶግና ከማስታወቂያ በሚያገኘው ገቢ ተጫዋቾቹንም አሠልጣኙንም አውቶቡሱንም ያስተዳድራል። ዛሬ የምናውቃቸው ነፃ ሊጎች ዘመን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ኖርዘርን ሊግና ፍሮንቲየር ሊግ ሲቋቋሙ ነው፤ አትላንቲክ ሊግ በ1998 መጫወት ጀመረ፣ አሜሪካን አሶሲዬሽን የሚባለው ደግሞ በ2006 ተከተለ። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ፍሮንቲየር ሊግ፣ አትላንቲክ ሊግና አሜሪካን አሶሲዬሽን የሜጀር ሊግ «አጋር» የሚል ስያሜ ተሰጥቷቸዋል፤ አጋርነቱ ግን የተጫዋቹን ኪስ የሚነካ አይደለም።

ለእኛ ለአስተናጋጆች ትልቁ ልዩነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜጀር ሊግ ከ2022 የውድድር ዘመን ጀምሮ በሥሩ ላሉት የታች ቡድኖች ተጫዋቾች መኖሪያ እንዲዘጋጅላቸው ወሰነ፤ ተጫዋቾቹም በዚያው ዓመት በማኅበር ተደራጅተው በ2023 የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ፈረሙ። በዚህም ምክንያት በእነዚያ ቡድኖች ከተሞች ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ተጫዋችን በቤት የማሳደር ልማድ እየቀረ ሄደ። ነፃ ሊጎቹ ግን በውሳኔውም በስምምነቱም ውስጥ ስለማይካተቱ፣ የእነርሱ ተጫዋቾች ዛሬም የሚያድሩት ወይ ክለቡ በተከራየላቸው ማረፊያ፣ ወይ ብዙ ሆነው በሚጋሩት አፓርትመንት፣ አለዚያም እንደ እኛ ባለ ቤት ነው። ወርሃዊ ደመወዛቸው ለአብዛኞቹ ከጥቂት ሺህ ዶላር የማያልፍ ሲሆን የሚከፈላቸውም በውድድሩ ወራት ብቻ ነው፤ በዚህ ገንዘብ ለአምስት ወር ብቻ የሚከራይ ቤት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር ቤት የተከራየ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ አትላንቲክ ሊግ የሚመጣው ተጫዋች ልጅ እግር አይደለም። አብዛኞቹ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ፣ በትልልቆቹ ክለቦች ሥር ዓመታት ቆይተው የተሰናበቱ፣ አንዳንዶቹም ሜጀር ሊግ ውስጥ በእርግጥ የተጫወቱ ሰዎች ናቸው። በሜጀር ሊግ ስመ ጥር የነበረው ሪኪ ሄንደርሰን በ2003 ለኒዋርክ ቤርስ ተጫውቶ ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሄዷል፤ ስመ ጥሩው ወርዋሪ (ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው) ሮጀር ክሌመንስም በ2012፣ በሃምሳ ዓመቱ፣ በዚሁ ሊግ ለሹገር ላንድ ክለብ ወርውሯል። ይሁን እንጂ ቤታችን ያረፉት ሁሉ የሚያነሡት የሪች ሂልን ታሪክ ነው። ሂል በ2015 በጋ፣ በሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ያለ ክለብ ቀርቶ ለሎንግ አይላንድ ዳክስ ሁለት ጨዋታ ብቻ ወረወረ፤ ቦስተን ሬድ ሶክስ አስፈረመው፣ በመስከረም ሜጀር ሊግ ላይ ድንቅ ሆኖ ታየ፣ በ2016 መጨረሻ ደግሞ ከዶጀርስ ጋር የሦስት ዓመት የ48 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ይህ እውነት መሆኑ ደግ ነገር ነው፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ክለብ ከሃያ የሚበልጡ ተጫዋቾች እንዳሉና አንድ ሪች ሂል ብቻ እንደታየ አስተናጋጁ በልቡ ይዞ፣ በአፉ ግን ዝም ማለት አለበት። ምክር የሚሰጣቸው ሰው ሞልቷል፤ ከእኛ የሚፈልጉት አልጋና ጸጥታ ነው።

ስምምነቱን በተመለከተ፣ በየክለቡ ይህን ጉዳይ የሚከታተል አስተባባሪ አለ። ከአስተባባሪው ጋር ስንነጋገር በቅድሚያ የምንጠይቀው፣ ተጫዋቹ ከክለቡ ቢሰናበት ቤታችን ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችልና እስከዚያ ድረስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ነው። ብዙ ሰው ስለ ነፃ ቲኬት ይጠይቃል፤ ቲኬቱ አይቀርም፣ አብዛኞቹ ክለቦች ለአስተናጋጆች የወንበር ቲኬት ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ጥያቄውን ለሌላው ማዋል ይሻላል። ከተጫዋቹ ጋርም ሲጋራን፣ መጠጥን፣ ጓደኛ ይዞ መምጣትንና የመኪና ማቆሚያን የሚመለከተውን በመጀመሪያው ቀን ተቀምጦ መነጋገር ተገቢ ነው፤ የእኛ ሰው በይሉኝታ ዝም ብሎ ቆይቶ በሰኔ መቆጣት ይቀናዋል፣ ይህ ደግሞ ለማንም አይበጅም። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ከአከራዩ በጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ እንግዳ ባያስገባ መልካም ነው፤ የራሱ ቤት ያለውም ቢሆን የቤት ኢንሹራንሱን ደውሎ መጠየቅና የመንደሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ ካለ ማየት ይኖርበታል። መኪናችንን ለእንግዳ አንሰጥም፤ ምክንያቱን አስቀድመን ስለምንናገር እስካሁን ያስቀየመው ሰው የለም።

ለእንግዳው የሚያስፈልገው ክፍል የሚዘጋ በር፣ የሚያጨልም መጋረጃ፣ ቁመቱን የሚችል አልጋና ኢንተርኔት ያለው መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ መጋረጃው ላይ እንዳትቆጥቡ፤ የቤዝቦል ተጫዋች ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት አድርጎ የሚኖር ሠራተኛ ነው። ውድድሩ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ወር አጠራር፣ የሚዘልቅ ሲሆን በቅርብ ዓመታት እያንዳንዱ ክለብ 126 ጨዋታ ያደርጋል፤ ይህም ማለት በአብዛኛው ሰኞ ብቻ እያረፉ በየቀኑ መጫወት ነው። ጨዋታው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ይጀምራል፤ እንግዳው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከቤት ወጥቶ ልምምዱን የሚጀምር ሲሆን የሚመለሰው ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። ወደ ኬንታኪ ወይም ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄደው ሲመለሱ ደግሞ አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል። ቅዳሜ ጠዋት ቤት የሚያጸዳ፣ ቫክዩም የሚያስነሣ፣ መዝሙር ከፍ አድርጎ የሚከፍት ቤተሰብ ልማዱን ወደ ሰኞ ሊያዛውር ካልፈቀደ እንግዳ ባይቀበል ይሻለዋል።

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር በቆዩበት በጋ ያረፈው ልጅ ወርዋሪ፣ ማለትም ፒቸር ነበር። አማቴ እንግዳው ሳይገባ አልተኛም ብለው ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ስንቆጣቸው «የሰው ልጅ እኮ ነው፣ ሳይበላ ይደር እንዴ?» ይሉናል። ልጁ የሚጠብቁት እርሱን መሆኑን ሲረዳ፣ ከጨዋታ በኋላ ለክንዱ የሚደረግለትን መታሸትና በረዶ እየተወ መቸኮል ጀመረ፤ ይህንንም የነገረችን የክለቡ አስተባባሪ ናት። ከዚያ በኋላ ምግቡን በሳህን አድርገን፣ በፎይል ሸፍነን ማይክሮዌቩ ውስጥ መተው ጀመርን። አማቴም በግድ እሺ አሉ፤ ይሁን እንጂ በሩ ሲከፈት ከመኝታ ቤታቸው «ገባህ ልጄ?» ሲሉ ይሰማል፣ እርሱም «አዎ እማማ» ማለትን ለምዶ ነበር። ወርዋሪ ከሆነ ሌላም የሚታወቅ ነገር አለ፤ ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ተራው የሚደርሰው በአምስትና በስድስት ቀን አንድ ጊዜ ሲሆን በዚያ ቀን አብዛኞቹ ብዙ መናገር አይወዱም። ልጆቻችን «ዛሬ ታሸንፋለህ?» ብለው እንዳይጠይቁ ከመከልከል በቀር በዚያ ቀን የምናደርገው የለም።

ምግብ ማብሰል የአስተናጋጅ ግዴታ አይደለም፤ ፍሪጅ ውስጥ አንድ መደርደሪያና ምድጃውን የመጠቀም ፈቃድ ይበቃል። እኛ ግን የሠራነውን እናካፍላለን፤ ሰው ቤታችን ተኝቶ ብቻችንን መብላት አልሆነልንም። በእኛ ቤት ችግር ሆኖ የታየው የጾም ጉዳይ ነው፤ የሐዋርያት ጾምም ሆነ የነሐሴው ፍልሰታ የሚውሉት ውድድሩ በጦፈበት ወቅት ነው፣ ተጫዋቹ ደግሞ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ካላገኘ ክብደቱ ይቀንሳል። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ አንድ መጥበሻና አንድ ድስት ለእርሱ ብቻ ለየን፣ ዶሮውንና ሩዙን ራሱ ይሠራል፣ እኛም ሽሮና ምስራችንን እንበላለን፤ ለምን እንደምንጾም በመጀመሪያው ሳምንት ስለነገርነው የሚያፍር ወይም የሚያሳፍር አልነበረም። በርበሬን በተመለከተ፣ ጨዋታ ባለበት ቀን ለእንግዳ ቀይ ወጥ ማቅረብ አልመክርም። ሰኞ፣ ዕረፍት ሲሆን፣ ቡናም ዶሮ ወጥም ይደርሳል።

ስለ ልብስ ማጠብ የማይነገር ነገር ስላለ ልጨምር። ዩኒፎርሙን ክለቡ ያጥባል፤ የልምምድ ልብሱ፣ ፎጣውና ካልሲው ግን ወደ ቤት ይመጣል። ዱላው እንዳይንሸራተት መያዣው ላይ የሚቀቡት ፓይን ታር የሚባል ጥቁር ሙጫ አለ፤ ከእጅ ወደ በር እጀታ፣ ከበር እጀታ ወደ አንሶላ፣ ከአንሶላ ወደ ማጠቢያ ማሽን ይሄዳል፤ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ይባስ ይሰራጫል። ሙጫው ያረፈበትን ቦታ አስቀድሞ በአልኮል ወይም በምግብ ዘይት አሽቶ በሳሙና ማስለቀቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ማሽኑ ማስገባት ይገባል። ዱላና ቦርሳው ጋራዥ ውስጥ እንዲቀመጥ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የላብ ሽታውም እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በነፃ ሊግ ውስጥ ውል ማለት ክለቡ በፈለገ ቀን ሊያቋርጠው የሚችል ነገር ነው። ከጨዋታ በኋላ አሠልጣኙ ወደ ቢሮው ይጠራዋል፣ ጥቂት ቃላት ይነገሩታል፣ በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሰው የልብስ ሳጥኑን ይረከባል። ሌላው ተጫዋች ወደ ሌላ ክለብ ተዛውሮ በዚያው ቀን እንዲገኝ ይታዘዛል። ሦስተኛው ደግሞ ውሉን የሜጀር ሊግ ክለብ ወይም የሜክሲኮ ወይም የእስያ ክለብ ገዝቶት በሌሊት አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ይህ ደስታ ነው፣ ሆኖም ከቤት የመሄዱ ፍጥነት ከስንብቱ አይለይም። በሁሉም መንገድ የሄዱ እንግዶች ነበሩን። የተሰናበተ እንግዳ ሌሊት ሲገባ ብዙ ጊዜ ከፊቱ አይታወቅም፤ ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ሻንጣ ሲያስተካክል ነው የሚታወቀው። ያን ጊዜ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ ከእርሱ በላይ የሚያውቀው የለም፣ እርሱም ምናልባት አያውቀውም። የሚጠቅመው የሚዳሰስ ነገር ነው፦ ካርቶን፣ ቴፕ፣ ረጅም መንገድ የሚነዳ ከሆነ የመኪናውን ዘይትና ጎማ ማየት፣ የሚበላ ስንቅ፣ «እስክትወስን ድረስ ክፍሉ ያንተ ነው» የሚል ቃል። ሌላ ክለብ በስልክ እስኪጠራው ድረስ ለጥቂት ቀናት ቤታችን ተቀምጦ ከልጃችን ጋር በጓሮ ኳስ ሲወራወር የቆየ ልጅ ነበር፤ በኋላም ሌላ ከተማ፣ ሌላ ነፃ ሊግ ሄደ፤ ዛሬም በየዓመቱ ለፋሲካ መልእክት ይልካል።

ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዙዌላ የሚመጡ ተጫዋቾች በሊጉ ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ ስንብቱ ከሥራ ማጣትም በላይ ነው፣ የሥራ ቪዛቸው ከአሠሪው ክለብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ። የስደት ወረቀት ነገር ለእኛ አዲስ አይደለምና ልባችን ቶሎ ይነካል፤ ይሁን እንጂ እኛ ጠበቃ አይደለንም። የሰማነውን ሁሉ እንደ ሕግ ከመንገር ይልቅ ክለቡን በጽሑፍ እንዲጠይቅ ማበረታታትና የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንዲያነጋግር መርዳት ይሻላል። ገንዘብ ማበደርንም በተመለከተ እንዲሁ ነው፤ ልንሰጥ ከፈለግን እንሰጣለን፣ ብድር ግን በእንግዳና በአስተናጋጅ መካከል ባይገባ እመርጣለሁ።

ተጫዋቾቹ ስለ ሥራቸው ደስ ብሏቸው የሚያወሩበት አንድ ርእስ አለ፤ እርሱም የሙከራ ሕጎች ጉዳይ ነው። ሜጀር ሊግ ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ ሕጎችን አስቀድሞ በአትላንቲክ ሊግ ሲያስሞክር ቆይቷል። በዚያ ዓመት ጁላይ 10፣ ዮርክ ላይ በተደረገው የኮከቦች ጨዋታ፣ ኮምፒውተር የተወረወረችው ኳስ በትክክለኛው ክልል ማለፍ አለማለፏን ለይቶ ለዳኛው በጆሮ ማዳመጫ ሲነግር ታየ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ የብሉ ክራብስ ተጫዋች ቶኒ ቶማስ፣ ካቸሩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን የሚቀልበው) በአየር ላይ ያልያዘውን ኳስ ተጠቅሞ በመሮጥ የመጀመሪያውን ቤዝ (ሯጩ የሚረግጠውን ማረፊያ) «የሰረቀ» የመጀመሪያ ሰው ሆነ። በ2021 ሁለተኛ አጋማሽ የወርዋሪው ስፍራ በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ተገፍቶ ነበር፤ ኑሯቸው በክንዳቸው ላይ የተመሠረተ ሰዎች ይህን በፍርሃት ማየታቸው አያስደንቅም፣ ሙከራውም ከዚያ በኋላ አልቀጠለም። ከተሞከሩት መካከል ግን ትልቅ ሆኖ የተሠራው ቤዝ በ2023 ወደ ሜጀር ሊግ ገብቷል፣ የኮምፒውተሩ ዳኝነትም ተጫዋቾች ውሳኔ ሲቃወሙ ብቻ በሚሠራበት መልክ ከ2026 ጀምሮ እንዲሠራ ተፈቅዷል። ዛሬ በቴሌቪዥን ትልልቆቹን የሚያይ ሰው በእነዚህ ልጆች ላይ ተሞክሮ ያለፈ ነገር እያየ ነው፤ እኔ ለራሴ፣ ለሙከራው የተሰጣቸው ምስጋና ያነሰ ይመስለኛል።

ወጪውን በተመለከተ ጎልቶ የሚታየው የውኃ፣ የመብራትና የምግብ ጭማሪ ነው፤ ኑሮው የከበደው ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው። ትርፍ ክፍል የሌለው ሰውም ከነገሩ አይርቅም፤ ክለቦች በውድድሩ መክፈቻ ሰሞን ለጥቂት ሌሊት ብቻ የሚያሳድር፣ ሌሎች አስተናጋጆች ሲጓዙ የሚተካ፣ ወይም ከረጅም ጉዞ ለሚመለስ ቡድን ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። የእኛ መንደር ሴቶች ማኅበር አንድ ጊዜ ለመላው ቡድን አልጫና ዳቦ አዘጋጅቶ ወደ ስታዲየም ልኮ ነበር፤ ድስቶቹ ታጥበው ተመልሰዋል።

ለማስተናገድ የወሰነ ቤተሰብ ወደ ክለቡ ቢሮ የሚደውልበት ጥሩ ጊዜ ፌብሩዋሪ ነው። ተጫዋቾቹ ለቅድመ ውድድር ልምምድ የሚገቡት በኤፕሪል አጋማሽ ገደማ ስለሆነ፣ ማርች ላይ አስተባባሪው ቤቱን አይቶ፣ ደንቡን አስፈርሞ፣ እንግዳውን ለመመደብ በቂ ጊዜ ያገኛል። በኤፕሪል የሚደውል ሰው የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ያልፈለገውን ነው፤ ለምሳሌ ትልቅ ውሻ ይዞ የመጣውን ተጫዋች። እኛ እንደዚያ ያለውንም አስተናግደናል፤ ውሻው ከባለቤቱ ይልቅ ጨዋ ነበር።